በጦር መሣሪያ ሥራ ላይ ላለ ሰው፦ መቆየት፣ መናገር ወይስ መልቀቅ? አምስት ምርጫዎች ሲነጻጸሩ

ሚሳይል የሚገጣጥም ቴክኒሻን፣ ለድሮን ሶፍትዌር የምትጽፍ መሐንዲስ፣ የሽያጭ ሰነድ የሚፈርም ኃላፊ፣ የፋብሪካው በር ጠባቂ። የአራቱም ደመወዝ የሚመጣው ከአንድ ካዝና ነው። የሞራል ኃላፊነታቸው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ብዙ ሰው ከሁለት ጫፍ አንዱን ይይዛል። አንዱ «መሣሪያ የሚሠራ ሁሉ ገዳይ ነው» ይላል። ሌላው «እኔ ሠራተኛ ነኝ፤ የሚተኩሰው ሌላ ሰው ነው» ይላል። ሁለቱንም መናገር ቀላል ነው። ሰኞ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ግን ሁለቱም አይጠቅሙም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚያ ሰው ነው። የቅጥር ደብዳቤ ይዞ «ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ?» ለሚልም እንዲሁ። መሣሪያ መሥራት በራሱ ወንጀል ነው ከሚል ሐሳብ አልነሣም። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር በአንቀጽ 51 የተጠቃ አገር ራሱን የመከላከል መብት እንዳለው ይቀበላል። በባዶ እጅ ደግሞ መከላከል አይቻልም። ስለዚህ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ምን እየሠራ፣ ለማን እየሠራ፣ እስከ የት ድረስ እንደሚሄድ ራሱን መጠየቅ አለበት። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

*ዕቃው ምንድን ነው?* አንዳንዱ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ባዮሎጂካል መሣሪያ በ1972፣ ኬሚካል መሣሪያ በ1993፣ ፀረ-ሰው ፈንጂ በ1997፣ ብዙ ትናንሽ ቦምቦችን የሚበትነው ክላስተር ቦምብ በ2008 በወጡ ስምምነቶች ታግደዋል። ፈንጂ የረገጠው ወታደር ይሁን ሕፃን አይለይም፤ ጦርነቱ ካበቃ ከዓመታት በኋላም ይፈነዳል። ሕጉ ብቻውን ግን አይበቃም። አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ፀረ-ሰው ፈንጂን የሚያግደውን የኦታዋ ስምምነት አልተቀበሉም። በ2025 ደግሞ የባልቲክ አገሮች፣ ፊንላንድና ፖላንድ ከስምምነቱ ለመውጣት ወሰኑ። ትናንት የተከለከለው ሥራ ነገ ጠዋት በሕግ ሊፈቀድ ይችላል። የራሳችሁ መስመር ከሕጉ ጋር አብሮ የሚዋዥቅ ከሆነ መስመር የላችሁም ማለት ነው።

*ማን እጅ ይገባል?* ያው ጠመንጃ የተወረረ መንደርን ይጠብቃል፤ ያው ጠመንጃ መንደር ይፈጃል። በ2013 የጸደቀው የጦር መሣሪያ ንግድ ስምምነት ይህን ጥያቄ ለመንግሥታት አስቀምጧል። መሣሪያው ለዘር ማጥፋት፣ በሰብአዊነት ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ወይም ሲቪሎችን ለማጥቃት እንደሚውል ካወቁ መሸጥ የለባቸውም። ስምምነቱ የሚያስረው አገሮችን ነው። ጥያቄውን ግን ሠራተኛም መጠየቅ ይችላል።

*ምን ታውቃላችሁ? ምንስ ታደርጉ ነበር?* እኔ ከሁሉም በላይ የምይዘው ይህን ጥንድ ጥያቄ ነው። በ1946 ሃምቡርግ ላይ የተካሄደ አንድ የብሪታንያ ወታደራዊ ችሎት ነገሩን በደንብ ያሳያል። የተከሰሱት ለናዚ ማጎሪያ ካምፖች ዚክሎን ቢ የተባለውን ጋዝ ያቀረበ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። ጋዙ የተሠራው ተባይ ለማጥፊያ ነው፤ ሲሸጥም በዚሁ ስም ነው። ባለቤቱ ብሩኖ ቴሽና ምክትሉ ካርል ቫይንባኸር ጋዙ ሰው እንደሚገደልበት እያወቁ መሸጣቸውን ችሎቱ አመነ፤ ሁለቱም ተሰቀሉ። ሦስተኛው ተከሳሽ የድርጅቱ ቴክኒሻን ነበር። እሱ በነፃ ተለቀቀ። ያውቃል ቢባል እንኳ አቅርቦቱን ማስቆምም ሆነ ማስቀየር የሚችልበት ቦታ ላይ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም።

ዕውቀትና አቅም አብረው ሲገኙ ኃላፊነቱ ይከብዳል። አንዱ ሲጎድል ይቀልላል። ይህ የፍርድ ቤት ሚዛን ነው፤ ኅሊና ከዚህ ትንሽ ጠንከር ማለት አለበት ባይ ነኝ። ምክንያቱም «አላውቅም ነበር» ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በእውነት ማወቅ ያልቻለ ሰው ነው። ሌላው ማወቅ እየቻለ ፋይሉን ያልከፈተ፣ የተከፈተውንም አይቶ እንዳላየ ያለፈ ነው። ሆላንዳዊው ነጋዴ ፍራንስ ፋን አንራት በ1980ዎቹ የሰናፍጭ ጋዝ የተባለው መርዛማ የጦር መሣሪያ መሥሪያ የሆነ ኬሚካል ለኢራቅ ይሸጥ ነበር። በ2005 ሄግ ያለው የሆላንድ ፍርድ ቤት በጦር ወንጀል ተባባሪነት 15 ዓመት ፈረደበት፤ ይግባኙም ቅጣቱን አከበደበት። ኬሚካሉ ለጨርቅ ኢንዱስትሪ ነው የሚለው መከላከያው ውሃ አላነሳም።

*ምን ያህል ትተካላችሁ?* «እኔ ባልሠራው ሌላው ይሠራዋል» የሚለው ክርክር በየሻይ ቤቱም በየቢሮውም ይሰማል። በግማሽ እውነት ነው። ብሎን የሚያጠብቅ ሰው በአንድ ሳምንት ይተካ ይሆናል። የዒላማ መምረጫ ሥርዓት ከባዶ የነደፈች ባለሙያ ግን እንዲህ በቀላሉ አትተካም። ደግሞም ክርክሩ የሚናገረው ስለ ውጤቱ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ሊያደርገው መቻሉ እናንተ ስታደርጉት የእናንተ መሆኑን አያስቀርም።

*ዋጋው ስንት ነው?* የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ የወላጅ መድኃኒት። ይህ ኃላፊነቱን አያጠፋውም። የትኛው ምርጫ ዛሬ ይቻላል፣ የትኛው ዝግጅት ይፈልጋል የሚለውን ግን ይወስናል።

ምርጫ 1፦ እንዳሉ መቀጠል

ይህን ምርጫ በጅምላ ማውገዝ ተገቢ አይደለም። ከተማ ላይ የሚወርድ ሮኬትን አየር ላይ የሚያከሽፍ ሥርዓት የሚሠራ፣ ገዢዎቹንም የሚያውቅ ሰው ቀጥ ብሎ መሥራት ይችላል። ሥራውን በጥንቃቄ መሥራት ራሱ የሞራል ግዴታው ነው። የማይሠራ መከላከያ ሰው ያስጨርሳል።

አደጋው ቀስ በቀስ መንሸራተት ነው። የገባችሁበት ፕሮጀክትና ከአምስት ዓመት በኋላ የምትሠሩበት ፕሮጀክት አንድ ላይሆን ይችላል፤ ገዢውም ይቀየራል። የክላሽንኮቭ ጠመንጃ ፈጣሪ ሚኻይል ካላሽኒኮቭ ረጅም ዕድሜውን ሙሉ ጠመንጃውን የሠራሁት አገሬን ለመከላከል ነው፤ ጥፋቱ የፖለቲከኞች ነው ሲል ኖረ። ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ግን ለሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ደብዳቤ ጻፈ። ጠመንጃዬ የሰው ሕይወት ካጠፋ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ወይ የሚል ጥያቄ ነበረበት። ሰውየው ያን ጊዜ ዘጠናውን አልፏል። ጥያቄው ሐቀኛ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ግን የትኛውንም ውል መለወጥ አይችልም። የሚቀጥል ሰው ጥያቄውን በየዓመቱ ቢጠይቅ ይሻለዋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል።

ምርጫ 2፦ ቆይቶ አንዱን ሥራ እምቢ ማለት

ከኢንዱስትሪው ሳይወጡ «ይህን ፕሮጀክት አልሠራም» ማለት ወይም ወደ ሌላ ክፍል መዛወር ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ዴቪድ ፓርናስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ለአሜሪካ ጦር ለዓመታት ያማከረ ሰው ነው፤ በመከላከያ ሥራ ላይ ተቃውሞ አልነበረውም። በ1985 «የከዋክብት ጦርነት» በሚል ቅጽል የሚታወቀውን የአሜሪካ ፀረ-ሚሳይል ፕሮግራም የሚያማክር ቡድን ውስጥ በቀን 1,000 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ቡድኑን ግን ለቀቀ። ምክንያቱ ሙያዊ ነው፦ የሚፈለገውን ሶፍትዌር አስተማማኝ አድርጎ መሥራት አይቻልም፤ አይቻልም ብዬ እያመንኩ ገንዘቡን መቀበል ትክክል አይደለም አለ። ምክንያቱንም በጽሑፍ ለሕዝብ አቀረበ።

ብዙ ሰው የሞራል ጥያቄ ሲባል ደም ብቻ ያስባል። የማይሠራን ነገር ይሠራል ብሎ መሸጥም የሞራል ጥያቄ ነው።

የዚህ ምርጫ ድክመት ድንበሩ የሳሳ መሆኑ ነው። ወደ ራዳር ክፍል የተዛወረች መሐንዲስ «የኔ ሥራ ማየት ብቻ ነው» ልትል ትችላለች። ያው ራዳር ግን አጥቂ ሚሳይልንም ይመራል። ስለዚህ ከመዛወራችሁ በፊት ክፍሉ የሚሠራው አካል በየትኞቹ ምርቶች ውስጥ እንደሚገባ ጠይቁ። መልሱ «ሁሉም ውስጥ» ከሆነ የቀየራችሁት ወንበር ብቻ ነው።

ምርጫ 3፦ ቆይቶ ከውስጥ መናገር

ለአብዛኛው ሰው ከሁሉ በፊት መሞከር ያለበት ይህ ይመስለኛል። ሲሳካም ሲከሽፍም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ ጊዜ፣ ቁጥር፣ አሠሪው በሠራተኛው ላይ ያለው ጥገኝነት።

ጊዜ። በ1945 በአሜሪካ የአቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት ውስጥ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሊዮ ዚላርድ ቦምቡ በጃፓን ላይ ያለ በቂ ምክንያትና ማስጠንቀቂያ እንዳይጣል ለፕሬዚዳንት ትሩማን አቤቱታ አዘጋጀ። ወደ 70 የሚጠጉ የፕሮጀክቱ ሳይንቲስቶች ፈረሙ። አቤቱታው የተጻፈው ሐምሌ 17 እንደ አውሮፓውያኑ ወር ነው፤ ቦምቡ በረሃ ላይ በተሞከረ ማግስት። ትሩማን ሳያየው ሂሮሺማ ነደደች። እነዚያ ሰዎች ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። ግን ቦምቡ አልቆ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ አሠሪያቸው የሚፈልገው ፊዚክሳቸውን አልነበረም።

ቁጥርና ጥገኝነት። በ2018 የጉግል ሠራተኞች ኩባንያው የድሮን ምስል በሰው ሠራሽ አስተውሎት ለመተንተን ከፔንታጎን (የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር) ጋር የገባውን «ሜቨን» የተባለ ውል ተቃወሙ። ከ3,000 በላይ ሰዎች ደብዳቤ ፈረሙ፤ ጥቂቶቹም ሥራ ለቀቁ። ኩባንያው ውሉን አላሳድስም አለ፤ ለጦር መሣሪያ የሚውል አስተውሎት አልሠራም የሚል መርህም አወጣ። በቀላሉ የማይተኩ ባለሙያዎች በብዛት ሲናገሩ ይሰማል። ታሪኩን ግን እስከ መጨረሻው ማየት ያስፈልጋል። ሜቨን አልቆመም፤ ሌሎች ኩባንያዎች ያዙት። በ2025 ደግሞ ጉግል ያንን ቃል ከመርሆቹ ውስጥ አወጣው። በጫና የተገኘ ቃል ጫናው ሲላላ ይላላል፤ ስለዚህ በውል ወይም በሠራተኛ ማኅበር ስምምነት ውስጥ የገባ ነገር ከመግለጫ ይሻላል።

ሌላም ዓይነት ንግግር አለ፤ አማራጭ ይዞ መምጣት። በ1976 የብሪታንያው ሉካስ ኤሮስፔስ ሠራተኞች ተወካዮች ከሥራ ቅነሳ ሌላ መንገድ አለ ብለው በዚያው ማሽንና በዚያው ሙያ ሊመረቱ የሚችሉ ወደ 150 ለሕዝብ የሚጠቅሙ ምርቶች ዝርዝር አቀረቡ። የኩላሊት እጥበት መሣሪያና የንፋስ ተርባይን ነበሩበት። አስተዳደሩ አልተቀበለም። እኔ ግን ዕቅዱን ከብዙ የተቃውሞ መፈክር አስበልጠዋለሁ። «እንጀራችንስ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይዞ የመጣ ተቃውሞ ነው።

አቅም የለኝም ለሚል ደግሞ የጄኖዋ ወደብ ጫኞች አሉ። በ2019 ባሕሪ ያንቡ በተባለች የሳዑዲ መርከብ ላይ፣ ለየመን ጦርነት ይውላል ያሉትን ዕቃ አንጭንም ብለው ሥራ አቆሙ። መርከቧ ያንን ዕቃ ሳትይዝ ሄደች። አንድ ጫኝ ብቻውን እምቢ ቢል በሰዓታት ውስጥ ይተካ ነበር።

ምርጫ 4፦ ወደ ውጭ መጠቆም

ይህ ከሁሉም ውዱ ነው። በ1968 የአሜሪካ አየር ኃይል ሲቪል ሠራተኛ የነበረው ኧርነስት ፊትዝጄራልድ የሲ-5 ማጓጓዣ አውሮፕላን ወጪ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መናሩን ለኮንግረስ መሰከረ። ብዙም ሳይቆይ ሥራውን አጣ። ወደ ቦታው ለመመለስ ዓመታት ተከራከረ።

ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ማጭበርበር፣ የተጭበረበረ የጥራት ፍተሻና ሕገ-ወጥ ሽያጭ በብዙ አገር የሚጠቆምበት ሕጋዊ መንገድ አለው። አሜሪካ ውስጥ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን፣ ከ1863 ጀምሮ የመንግሥትን ገንዘብ የሚያጭበረብር አቅራቢን የሚከስስ ግለሰብ ከሚመለሰው ገንዘብ ድርሻ የሚያገኝበት ሕግ አለ። የመንግሥት ምስጢር የሆነ ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እስር ያስከትላል። አንድም ወረቀት ከቢሮ ከመውጣቱ በፊት ጠበቃ አነጋግሩ። ያያችሁትን በቀን በቀኑ በራሳችሁ ቃል መዝግቡ። ማስረጃው ሳይሟላ በቁጣ የወጣ ጥቆማ እናንተንም ይጎዳል፤ እውነቱንም ያስንቃል።

ምርጫ 5፦ መልቀቅ

ጆሴፍ ሮትብላት ወደ አቶሚክ ቦምብ ፕሮጀክት የገባው ናዚዎች ቀድመው እንዳይሠሩት ፈርቶ ነው። በ1944 መጨረሻ ጀርመኖች ቦምብ እየሠሩ እንዳልሆነ ሲረዳ ምክንያቱ አበቃ፤ ቦምቡ የሚሠራበትን የአሜሪካ ቤተ ሙከራ ሎስ አላሞስን ለቆ ወጣ። በሰላይነት ተጠረጠረ። ምክንያቱን ለባልደረቦቹ እንዳይናገርም ተነገረው። ከዚያ በኋላ ፊዚክሱን ወደ ሕክምና አዞረው፤ የኑክሌር ትጥቅን ለመቀነስም ለአሥርት ዓመታት ሠራ። በ1995 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው።

ከዚህ ሰው የምወስደው ድፍረቱን ብቻ አይደለም። የገባበትን ምክንያት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ ሲያበቃ አወቀ። ለምን እንደገቡ ለራሳቸው ያልነገሩ ሰዎች መቼ መውጣት እንዳለባቸው የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

መልቀቅም ችግር አለው። ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው ሲወጣ ወንበሩ ላይ የማይጠይቅ ሰው ሊቀመጥ ይችላል። በዝምታ መውጣት የራስን እጅ ያነጻል፤ ሌላ ብዙ አይለውጥም። ዕቃው የታገደ ሲሆን፣ ወይም ገዢው ሰላማዊ ሰዎችን እየፈጀበት መሆኑን አውቃችሁ ማስቆም ሲያቅታችሁ ግን ይህ ስሌት አይሠራም። ያኔ መውጣት ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| ምርጫ | ከጉዳቱ ያርቃል? | ለውጥ የማምጣት ዕድል | ለኑሮ ያለው አደጋ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| 1. እንዳሉ መቀጠል | አያርቅም | ዝቅተኛ | የለም | ዕቃውና ገዢው መመዘኛውን ሲያልፉ |
| 2. አንዱን ሥራ እምቢ ማለት | በከፊል | ዝቅተኛ፤ በይፋ ከተነገረ መካከለኛ | መካከለኛ | ችግሩ አንድ ፕሮጀክት ላይ ሲሆን |
| 3. ከውስጥ መናገር | ወዲያው አያርቅም | በኅብረትና በጊዜ ከሆነ ከፍተኛ | መካከለኛ | ተፈላጊ ሙያ ወይም ጠንካራ ማኅበር ላለው |
| 4. ወደ ውጭ መጠቆም | ይለያያል | አንዳንዴ በጣም ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ሕግ ሲጣስ፣ ማስረጃና ጠበቃ ሲኖር |
| 5. መልቀቅ | ያርቃል | ዝቅተኛ፤ ምክንያቱ ከተነገረ ይጨምራል | ከፍተኛ | ዕቃው ወይም ገዢው ከመስመር ሲያልፍ |

ለማን የትኛው?

*ቁጠባ የሌለው የቤተሰብ አስተዳዳሪ።* ነገ ልቀቅ የሚላችሁን አትስሙ። ምርጫ 2ን ጀምሩ፤ ጎን ለጎን የስድስት ወር ወጪ አጠራቅሙ፤ ሲቪያችሁን አድሱ። ግን ቀን ቁረጡ። ቀን ያልተቆረጠለት «ትንሽ ቆይቼ» ጡረታ ድረስ ይሄዳል።

*ተፈላጊ ባለሙያ።* ሌላ ሥራ በወር ውስጥ የምታገኙ ከሆነ «የእንጀራ ጉዳይ ነው» ማለት አይያዝላችሁም። ምርጫ 3 የእናንተ ነው፤ ካልተሰማችሁ 5። ዲዛይኑ ሳያልቅ ተናገሩ።

*ፊርማ ያለው ኃላፊ።* ሃምቡርግ ላይ ሁለቱን አለቆች ከቴክኒሻኑ የለያቸው ይህ ፊርማ ነው። የመጨረሻ ተጠቃሚው ማረጋገጫ (መሣሪያው በመጨረሻ ማን እጅ እንደሚገባ የሚገልጸው ሰነድ) ላይ ጥርጣሬ ካላችሁ አትፈርሙ፤ ምክንያታችሁን በጽሑፍ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡ። እናንተ ጋ ጥርጣሬ እያለ ምርጫ 1 ዝግ ነው።

*በር ጠባቂ፣ ጽዳት ሠራተኛ፣ ካፌ ውስጥ የሚሠራ።* ድርሻችሁ ቀላል ነው። ሌሊት እንቅልፍ መንሳት ያለበት ከእናንተ በፊት ብዙ ሰው አለ።

*ገና ያልፈረመ።* ምርጫው በጣም ርካሽ የሚሆነው አሁን ነው። ከገባችሁ በኋላ ደመወዙ ከፍ ይላል፣ በዚያ ልክ ብድር ይወሰዳል፣ ከዚያ በር እያለ መውጫ ይጠፋል። ከፈረማችሁ የመጀመሪያውን ዓመት በድሮ ወጪያችሁ ኑሩ። የማትሠሩትን ነገርና የማትሠሩለትን ገዢ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለምታምኑት ሰው ስጡ።

ቃለ መጠይቁ ላይ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ምርቱን የሚገዙት እነማን ናቸው? አንድን ፕሮጀክት አልሠራም ያለ ሠራተኛ ከዚህ በፊት ምን ሆነ? ቅሬታ ለማን ነው የሚቀርበው፣ ከቅርብ አለቃ ውጭስ የሚሰማ አለ? ከለቀቅሁ በኋላ በዘርፉ እንዳልሠራ ወይም እንዳልናገር የሚያስር አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ? ገዢዎቹ በምስጢር የተያዙ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያ ብቻውን መጥፎ ምልክት አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን መልሱን በደንብ አዳምጡ። «እንዲህ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም» ካሉ፣ ከመፈረማችሁ በፊት እዚያ የሠራና የወጣ ሰው ፈልጋችሁ አነጋግሩ።